የሻሺቱ እጅ

ሰው ባላጠፋው ጥፋት ስሙ ሲጠፋ ማየት ያንገበግባል። ስም አጥፊው ጥፋተኛው ራሱ ሲሆን ደግሞ፣ ያውም ከረባቱን አሳምሮ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲሆን፣ ነገሩ ከመንገብገብም ያልፋል። የሻሺቱ ካሱን ነገር ኦቾሎ ውስጥ ረጋ ብሎ የሚያወራ ሰው የለም። ለምንስ ይረጋል?

ሻሺቱ የሸማኔው የካሱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ኦቾሎ ሸንተረር ላይ የተሰቀለች መንደር ናት፤ ቁልቁል ሲያዩ አባያ ሐይቅ ተዘርግቶ ይታያል፣ ሽቅብ ሲያዩ ነፋስ የማይለየው ገደላ ገደል ነው። ካሱ በጉብዝናው ዘመን አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን ኖሮ ተመልሶ የመጣ ሰው ነው። አማርኛውንም የለቀመው እዚያው የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ፣ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ነው። ከመንደሩ ሽማግሌዎች መካከል ለከተማ ሰው አፉን ሞልቶ የሚመልስ ቢፈለግ እሱ ነው የሚጠራው።

ልጅቷ እንደ ማንኛዋም የመንደሩ ልጅ ጥጥ ስትፈትል አደገች። ልቧ ግን እንዝርቱ ላይ አልነበረም። የአባቷን ራዲዮ ሦስት ጊዜ ፈታ ሁለት ጊዜ መልሳ ገጥማዋለች፤ የሦስተኛውን ካሱ እስከ ዛሬ ያነሣባታል። ታች ከተማ ወርዳ ተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ኤሌክትሪክ አጠናች። የመመረቂያ ሥራዋን የሠራችው የነፋስ ጄኔሬተር መስመር ሲበላሽበት እንዴት ሳይደናገጥ መቆየት እንደሚችል ላይ ነው። ጓደኞቿ ይስቁባት ነበር፤ «የነፋስ ማመንጫ የት አይተሽ?» እያሉ። እሷም «አገሬን አታውቋትም፤ ነፋሱ ለሰርግ ይበቃል» ትላቸው ነበር።

ደግሞም መጣ። ከኦቾሎ በላይ ባለው የግጦሽ ሸንተረር ላይ ስምንት ተርባይን ያለው አነስተኛ ማመንጫ ይተከላል ተባለ። መንደሩ ተሰብስቦ መከረና መሬቱን ሰጠ። በምትኩ የተጠየቀው ብዙ አልነበረም፤ መብራት ይግባልን፣ ወፍጮ ይቁምልን፣ ከልጆቻችን የተማረ ካለ ይቀጠር። በሁለት ሺሕ አምስት ዓመተ ምሕረት ሻሺቱ የፈረቃ ኢንጂነር ሆና ስትቀጠር ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መረቋት። ካሱም ሳምንቱን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ምንም ሳይገዛ ሲያወራ ሰነበተ።

እዚህ ላይ የነገሩን ሥር መናገር ግድ ነው፤ ሥሩ ካልታወቀ ንዴቱም አይገባም።

የኤሌክትሪክ መስመር ረጅም ነው። አንድ ቦታ መብረቅ ሲመታው ወይም ዛፍ ሲወድቅበት ቮልቴጁ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ዝቅ ይላል፤ ጉዳት የደረሰበት ክፍል ተቆርጦ ሲወጣ የቀረው ቀና ይላል። ጭንቁ ያች ጥቅሻ ናት። ነፋሱ መግፋቱን አያቆምም፣ የሚመነጨው ኃይል ግን መሄጃ ያጣል። ጄኔሬተሩ መፍጠን ይጀምራል፣ በውስጡ የሚዞረው ጅረት ያብጣል። ይኼኔ መቆጣጠሪያው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ብሬከሩን ከፍቶ ከመስመሩ ይለያል፣ ራሱንም ያድናል። ወይም ክንፎቹን ከነፋሱ ትንሽ ዘወር ያደርጋል፣ ትርፉን ጅረት ለዚሁ በተሠራ መከላከያ ላይ ያቃጥላል፣ የደከመውን መስመር ደግፎ ይጠብቃል። አንዱ ቢለይ ችግር የለም። ስምንቱም በአንድ ጊዜ ጥለውት ከሄዱ ግን በጥቅሻ ያልፍ የነበረው ነገር ጨለማ ይሆናል። ሻሺቱ አምስት ዓመት የተማረችው ይኼንን ነው።

የማመንጫው ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ልዑልሰገድ ይባላል። ከሰሜን የመጣ፣ ታች ከተማ ሴቻ ላይ ከነቤተሰቡ የሚኖር፣ ጨዋ የሚባል ሰው ነው። ክፉ ነበር ማለት ያስቸግራል፤ ሠራተኛ ሲታመም በራሱ መኪና ያደርሳል፣ ለቅሶ አይቀርም። አንድ ነገር ብቻ ይፈራል። በእሱ ዘመን የሆነ ነገር ተበላሸ መባልን ይፈራል።

ከምረቃው በፊት በተደረገው ሙከራ የአንዱ ተርባይን መከላከያ ጨሰ። ተቋራጩ ያስገባው ዕቃ ከታዘዘው ያነሰ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ተቋራጩን አንገቱን ይይዘው ነበር። ልዑልሰገድ ግን ለእንግዶች ድንኳን እየተተከለ ስለነበር፣ ቮልቴጅ ትንሽ ዝቅ ካለ ስምንቱም ወዲያው ከመስመሩ እንዲለዩ አድርጋችሁ አቀናብሩ አለ። «ለምረቃው ብቻ ነው» አለ። ምረቃው አለፈ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ በሬው ተበላ። «ለምረቃው ብቻ» ግን ሁለት ዓመት ኖረ።

ሻሺቱ በየስብሰባው ጠየቀች።

«ኢንጂነር፣ መስመሩ በደከመ ቁጥር ስምንቱም ጥለውት ሲሄዱ እኮ ጭራሽ ይወድቃል። መከላከያዎቹ ይቀየሩና መቆጣጠሪያውን እናስተካክለው።»

«ሻሺቱ፣ ማሽኑ ቢቃጠል ማን ይተካል? አንቺ ትተኪያለሽ?»

ሳቅ ሆነ። የሌላው ፈረቃ ኢንጂነር ሰይፈሥላሴ እውነቷን እንደሆነ ልቅም አድርጎ ያውቃል። እሱ ግን ስልኩን እየነካካ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የሥራ አስኪያጁ ቀልድ የሚያስቀው ወር በወር ነበር መሰለኝ፤ ወር በወር ተደገመ፣ ወር በወር ተሳቀ። ሻሺቱም ጥርሷን ነክሳ ወደ ተራራዋ ትመለሳለች። መብራት በየጊዜው ይጠፋል፤ ሲጠፋም ግማሽ ቀን ይቆያል። የኦቾሎ ሰው ለመደው። መብራት ከሄደ ሄደ ነው፣ ሰው ወደ ሌላ ሥራው ይዞራል።

በሁለት ሺሕ ሰባት በልግ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሶዶ በኩል ባለው መስመር ላይ መብረቅ ወረደ። ኦቾሎ ላይ ጠብታ እንኳ አልነበረም። ሻሺቱ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነበረች። ቮልቴጁ ዝቅ ሲል አየች፣ ከዚያም ስምንቱ ተርባይኖች ማንም ሳይነካቸው ከመስመሩ ተለዩ። ከሴቻ እስከ ኩልፎ የሙዝ እርሻ ፓምፖች ድረስ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

ያን ቀን ግን መስመሩ እንደ ወትሮው ግማሽ ቀን ጠፍቶ አልቆየም። ጥገናው ቀሎ ተገኘና ከማዕከል ተደውሎ «መልሺ» ተባለች። ሁሉንም አይታ፣ እንደ ደንቡ አረጋግጣ፣ መለሰች።

በዚያች ሰዓት በመንደሩ ወፍጮ ቤት ውስጥ ፈቃደ ቀበቶው ላይ የተወተፈውን እህል ሊያወጣ እጁን አግብቶ ነበር። ማብሪያውን ማጥፋት ነበረበት፤ እውነት ነው። ግን ኦቾሎ ላይ መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ማን አየ? ሁለት ዓመት ሙሉ «ከሄደ ሄደ ነው» ብለው ያስተማሩት እነማን ናቸው? ቀበቶው ተነሣ። ከቀኝ እጁ ሦስት ጣት ወሰደ። ፈቃደ ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ለትርፍ ጊዜው ነበር፤ እንጀራው ሽመና ነው። ሸማኔ ያለ ቀኝ እጅ ምን እንደሚሆን ለኦቾሎ ሰው አይነገረውም።

ልዑልሰገድ በነጋታው በመኪናው ወጣ። ፈቃደን አልጋው ላይ አጽናና። ከዚያ ደጅ ላይ ለተሰበሰበው ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እንዲህ አለ።

«የአሠራር ስሕተት ነው። ፈረቃ ላይ የነበረችው ልጅ ያልሆነ ቁልፍ ነክታ ነው። ከሥራ አግደናታል፤ እርምጃም እንወስዳለን።»

የገዛ እጁን ሥራ ወስዶ በአንዲት ልጅ እጅ ላይ አስቀመጠው! ያውም በተወለደችበት መንደር፣ እናት አባቷ ባሉበት አገር፣ የተጎዳው ሰው ደጅ ላይ። ይኼን ሲናገር ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም ይላሉ የሰሙት።

ለከተማ ሰው ይህ የሥራ ወሬ ነው። ለኦቾሎ ግን ሌላ ነው። የሰው ደም ያፈሰሰ እጅ ሳይታረቅ ከቆየ ጎሜ ይሆናል፤ ያጠፋውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ከብቱንም አዝመራውንም የሚከተል በደል ማለት ነው። እርቅ እስኪወርድ የበዳይና የተበዳይ ቤት እሳት አይጫጫርም፣ ከአንድ ዕቃ ውኃ አይጠጣም። በማግሥቱ የሻሺቱ እናት ፍም ልትለምን ጎረቤት ብትሄድ ሴትዮዋ ዓይኗን ሰብራ «ዛሬ አልነደደም» አለቻት። ጭሱ ግን በጣሪያው ላይ ይታይ ነበር። ካሱ የሠራውን ጋቢ ሊወስድ ቃል የገባው ሰው ቀረ። ሻሺቱ ስታልፍ ልጆች እጇን ያዩ ነበር። ፊቷን ሳይሆን እጇን።

ካሱ ሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጠራት። መወርወሪያውን አላቆመም።

«ነክተሻል ወይስ አልነካሽም? ለእኔ ንገሪኝ።»

«መብራቱን የመለስኩት እኔ ነኝ አባዬ። ያጠፋሁት ግን እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን አጠፋው?»

«ማሽኖቹ ራሳቸው ናቸው የሄዱት።»

«ማሽን በራሱ ይሄዳል?»

«ሂድ ተብሎ ከተነገረው ይሄዳል። መስመሩ ሲደነግጥ አብረውት መቆየት ይችሉ ነበር። ክንፋቸውን ዞር አድርገው፣ ትኩሳቱን ችለው፣ መስመሩ ቀና እስኪል ደግፈውት። ሥራ አስኪያጁ ናቸው ገና ኮሽ ሲል ሂዱ ብለው ያዘዟቸው።»

መወርወሪያው ቆመ።

«ማለት ዱቡሻ ላይ ክርክር ሲጦፍ ብድግ ብሎ እንደሚሄድ ሰው?»

ዱቡሻ የጋሞ ሰው ነገሩን ቁጭ ብሎ የሚጨርስበት አደባባይ ነው፤ መቀመጫውም ድንጋይ ነው። እዚያ ላይ መናደድ ይቻላል፣ መጮህም ይቻላል። ነገሩ ሳያልቅና ሃለቃው፣ የጉባኤው መሪ፣ መርቆ ሳያሰናብት ተነሥቶ መሄድ ግን ነውር ነው። የተቀመጡት ሲቀመጡ ነው ጠቡ የሚበርደው። አንዱ ከተነሣ ሌላውም ይነሣል፤ ከዚያ ዱላ ነው።

ሻሺቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «አምስት ዓመት የተማርኩት እሱን ነው አባዬ» አለችው።

«እንግዲያው ደህና አድርገሽ አስተምሪኝ። የምናገረው እኔ ነኝ።»

እሷ ራሷ እንዳትናገር ሴት ዱቡሻ ላይ ቆማ አትናገርም። ይኼም ያናድዳል፤ ነገሩን ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው እሷ ናት፣ የጠፋውም ስም የእሷ ነው፣ ቦታዋ ግን ከአጥሩ ጋር ከሴቶቹ መካከል ነው። ሻሺቱም በዚህ ቆሽቷ አርሯል፤ ለአባቷም ሳትደብቅ ነግራዋለች። «ይኼኛውን ሌላ ቀን እንጣላበታለን» አላት። ዱቡሻው እስከሚቀመጥበት ቅዳሜ ድረስ ካሱ እየሸመነ ተማረ። ጥያቄ ጠየቀ፣ ተሳሳተ፣ ታረመ። አንዴም «ትኩሳቱን ካልቻለስ?» ብሎ ጠየቃት። «ለዚያ ነው ደህና መከላከያ የሚገዛለት» አለችው፤ አባቷ ራሱን ነቀነቀ።

ቅዳሜ ጠዋት መንደሩ ወጣ። ልዑልሰገድ ተጠርቶ መጣ። ባይመጣ ደግሞ ወደ ማመንጫው የሚወስደው መንገድ በመንደሩ መሃል ነው የሚያልፈው። ሰይፈሥላሴንም ይዞት መጣ። ልዑልሰገድ እንግዳ ነውና ከሃለቃ ታምሩ ቀጥሎ ያለው ደህናው ድንጋይ ተሰጠው። ፈቃደ እጁን እንደተጠቀለለ ከፊት ተቀመጠ። ሃለቃው መረቀ፣ ነገሩ ተከፈተ።

ካሱ ተነሣ። እንግዳው እንዲሰማ ብሎ በአማርኛ ተናገረ፣ ለሽማግሌዎቹም በጋሞኛ መለሰው።

«መብራቱን የመለሰው የልጄ እጅ ነው። እሷ ራሷ ብላኛለች፣ አልክድም። ፈቃደ ውስጥ መሆኑን አላወቀችም፣ ብታውቅ እጇን ትቆርጥ ነበር። ቢሆንም የእጇን ድርሻ ተቀብለናል፤ በግ አምጥቻለሁ፣ ያው ታስሯል። አሁን የሌላውን ድርሻ እንጠይቅ። እነዚያ ስምንቱ በእኛ ግጦሽ ላይ የተቀመጡ ናቸው። አስቀምጠናቸዋል፤ የተቀመጠ ደግሞ ነገር ሲመጣ ይቆያል። እነሱ ግን ገና ነገር ሲነሣ ሁሉም ብድግ ብለው ይሄዳሉ። ቢቆዩ ኖሮ መብራቱ አይጠፋም፣ ወፍጮው አይቆምም፣ ፈቃደም እጁን አያገባም። ልጄ ይቆዩ ብላ ሁለት ዓመት ለመነች። ሂዱ ያላቸው ማነው? የምንጠይቀው እሱን ነው።»

ሃለቃ ታምሩ ወደ እንግዳው ዞረ።

«ጌታዬ፣ ሰምተዋል። ሂዱ ያላቸው ማነው?»

«ይህ እኮ ቴክኒካል ጉዳይ ነው አባቶች» አለ ልዑልሰገድ። «እዚህ የሚታይ አይደለም። እኔ የመጣሁት ቤተሰቡን ለመጠየቅ ነው።»

«አይገባንም ብለው ነው? ልጃችን አስረድታናለች፣ ገብቶናል። ያልገባን ያዘዘው ሰው ብቻ ነው።»

«ኃላፊነት የሚጣራው በመሥሪያ ቤቱ ነው።»

ሃለቃው አልተቆጣም። ወደ ሰይፈሥላሴ ዞረ። «አንተስ ልጄ? እዚያው ነበርክ።»

ሰይፈሥላሴ አንገቱን ደፋ። የሚደበቅበት ስልክ አላወጣም፤ ከፊቱ የፈቃደ እጅ ነበር። «ሻሺቱ በየስብሰባው ትናገር ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አቀናብሩ ያሉን እሳቸው ናቸው። እኔም አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ።»

ከሴቶቹ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ሁሉም ሰው ልዑልሰገድን አየ። አንዲት ቃል በቂ ነበረች። ኦቾሎ ይቅር ለማለት ተቀምጣ ነበር፤ በጉ እንኳ ለሁለት ይበቃ ነበር። «አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ፈርቼ ነው» ቢል ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣሩን አንሥተው ያስታርቁት ነበር፤ ከፈቃደ ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ ይበላ ነበር። የሚያቃጥለው ይኼ ነው።

ልዑልሰገድ ሰዓቱን አየ። «ስብሰባ አለብኝ፤ ይቅርታ» ብሎ ከድንጋዩ ተነሣ። ልብሱን አራገፈ። በጉባኤው መሃል አልፎ ወደ መኪናው ሄደ። ሞተሩ ተነሣ፣ አቧራው ቁልቁል ወደ ከተማ ተከተለው።

ጥቂት ወጣቶች ደማቸው ፈልቶ ሊነሡ ሲሉ ሃለቃው በትሩን ዘረጋ። «ተቀመጡ» አለ። ተቀመጡ።

ካሱ ገና እንደቆመ ነበር። መኪናው የሄደበትን በአገጩ አሳየ።

«ማሽኖቹም የሄዱት እንዲህ ነው» አለ።

ፈቃደ ተነሣ። ወደ አጥሩ፣ ሴቶቹ ወዳሉበት ሄደ። ሻሺቱ ፊት ቆሞ የግራ እጁን ዘረጋላት፤ እሷም በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ ሚስቱን ጠራት። «ልክነሽ፣ ከቤታችን ፍም ይዘሽ ካሱ ቤት ሂጂ። ሰው ሁሉ እያየሽ ሂጂ።» ልክነሽ ፍሙን በገል ይዛ፣ በመንደሩ ትልቁ መንገድ፣ ቀስ ብላ ሄደች። ሻሺቱ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

መሥሪያ ቤቱ ግን አልሰማም፤ ከሥራ እንደታገደች በዚያው ተባረረች። ሰይፈሥላሴ ዱቡሻ ላይ የመሰከረውን ቢሮ ውስጥም ይደግማል ብላ ጠበቀች፣ እሱ ግን ዝውውር ጠይቆ ሄደ። በዓመቱ ከውጭ ባለሙያዎች መጡ። መከላከያዎቹን ቀየሩ፣ መቆጣጠሪያውን አስተካከሉ፣ እሷ ሁለት ዓመት የለመነችውን አንድ በአንድ ሠሩና አጨብጭበው ተሸኙ። ለማየት እንኳ አልተጠራችም። ልዑልሰገድ ዕድገት አግኝቶ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ሲሄድም ጋቢ ተሸልሟል አሉ። ጋቢውን የሸመነው ማን እንደሆነ አልተጠየቀም፤ ካሱ እንዳልሆነ ግን የታወቀ ነው።

ሻሺቱ ዛሬ ከተማ ወርዳ፣ ለኩልፎ የሙዝ እርሻዎች የሚሠሩ የፓምፕ ሞተሮችን ትጠግናለች። ሰው ይወዳታል፣ ሥራዋም ሞልቷል። ዝናብ ሲያጉረመርም ግን መፍቻውን አስቀምጣ ደጅ ትወጣና ሽቅብ ወደ ሸንተረሩ ታያለች። የጥገና ሱቋ መብራት እልም ሊል ሲል ይንቀጠቀጥና ቀና ይላል። ስምንቱም ክንፋቸውን ዞር አድርገው ቆይተዋል ማለት ነው። ደስ ይላታል፤ ደስታዋ ውስጥ ግን ንዴቷ እንዳለ ነው፣ አልደበቀችውምም።

ያ የኦቾሎ ጉባኤ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሃለቃው መርቆ ሳያሰናብተው አንድ ሰው ተነሥቶ ስለሄደ ሊዘጋ አይችልም። ዱቡሻ በተቀመጠ ቁጥር፣ ሌላ ነገር ሳይነሣ፣ ሃለቃው ከአጠገቡ ያለውን ባዶ ድንጋይ አይቶ ይጠይቃል።

«ያ ሰው ተመለሰ?»

«አልተመለሰም» ይላል ጉባኤው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቀኑ ነገር የሚገባው። ድንጋዩ ላይ ማንም አይቀመጥበትም።